በእንጨት ፎቶ ላይ መራመድ

ቤት ደርሶት የማያውቅ ሰው ወለል የሚመረጥ ነገር መሆኑን አያውቅም። ተከራይ ያገኘው ላይ ይኖራል፤ ሊሾ ከሆነ ሊሾ፣ የሚንቋቋ ጣውላ ከሆነም ከነአይጡ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ግን እልልታው ሳይበርድ በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚቀበለው ግራጫ ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው ቀለም፣ ጣሪያው አምፖል ይፈልጋል፤ እነዚህን ማንም እንደ ቁም ነገር አይቆጥራቸውም። ወለሉ ጋ ሲደረስ ግን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ መሐንዲስ ይሆናል።

እኛ ቤት አጎቴ ሴራሚክ አሉ። "ውሃ ቸለስ አድርጎ ማጠብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ?" የባለቤቴ እህት ደግሞ ሴራሚክ ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ያመጣል፣ ሐምሌ ላይ በባዶ እግርህ ከአልጋ ስትወርድ ታየዋለህ አለችኝ። እሷ የምትለው ፓርኬ ነው፤ እውነተኛውን፣ የዛፉን። ዋጋው ሲነሳ ወሬ ቀየረች። እናቴ ከሁሉም የቀለለ ሐሳብ ነበራት፤ "አንተን በእበት የተለቀለቀ ወለል ላይ ነው ያሳደግኩህ፤ ምን ጎደለብህ?"

ባለቤቴ የጠየቀችው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ እንጨት ይምሰል፣ እግር አያቀዝቅዝ፣ ዕዳ ውስጥ አይክተተን። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ስማቸው ላሚኔት ነው።

ላሚኔት ምን እንደሆነ ሻጩ አይነግራችሁም፤ ምናልባት ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ከላይ የሚታየው እንጨት የእንጨት ፎቶ ነው። የምሬን ነው፤ ፎቶ። የአንድ ዛፍ ገጽታ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ ሜላሚን በሚባል ሙጫ ይነከርና በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከተጠቀጠቀ የእንጨት ጭረት ሰሌዳ ላይ ይጣበቃል። ሰሌዳው እንዳይጣመም ከስሩም ሌላ ወረቀት ይለበጥበታል። ከፎቶው በላይ ደግሞ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ንጣፍ አለ፤ ውስጡ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ደቃቅ ተበትኗል። ይህ ደቃቅ አናጢ እንጨት በሚያለሰልስበት ብርጭቆ ወረቀት ላይም አለ። ክሪስታል ሆኖ ትንሽ ክሮሚየም ሲገባበት ደግሞ ሩቢ ተብሎ ቀለበት ላይ ይቀመጣል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት "ሩቢ ልረግጥ ነው በለኛ!" ብላ ሳቀችብኝ። ለጎረቤት ግን ስታወራው ሳቁን አውጥታ ሩቢውን አስቀረችው።

የፈጠሩት ስዊድኖች ናቸው። ፐርስቶርፕ የሚባል ኩባንያ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ ሲያመርት የኖረውን ልባጥ፣ እኛ ፎርማይካ የምንለውን ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ወለል አወረደው፤ ፔርጎ የሚል ስም አውጥቶም ገበያ ገባ። እኛ ያኔ ሌላ ጣጣ ላይ ነበርን። ከሁለት ዓመት በፊት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኖ፣ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሆኗል። ለቀበሌ ቤት ማን ወለል ያነጥፋል? ነገ ለማን ሊቀር? ስለዚህ የዘመኑ ብልህ ወለል ፕላስቲክ ምንጣፍ ነበር። ባለአበባ ነው፣ ይወለወላል፣ ሲለቁም ተጠቅልሎ ትከሻ ላይ ይወጣል። ዛሬ የራሳችን ካርታ ኖሮን እንኳ ወለል ስንገዛ እጃችን የሚሰስተው ከዚያ ዘመን የቀረ ጥንቃቄ ይመስለኛል። ይዘነው የማንሄደው ነገር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ያስፈራናል።

ደግነቱ ላሚኔትም ቢሆን ተነቃይ ነው። ከሲሚንቶው ጋር አይጣበቅም፣ ሚስማር አይመታበትም፤ ስስ ስፖንጅ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ጠርዙ በኮላ ይያያዝ ነበር። በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ቀጭ ብሎ የሚቆላለፍበት ዘዴ ሲመጣ ኮላው ቀረ። ተከራይም ቢሆን አንጥፎ፣ ሲለቅ ነቃቅሎ መሄድ ይችላል ማለት ነው፤ አከራዩ ያማረውን ወለል አይቶ ኪራይ ካልጨመረበት።

ተክለሃይማኖት አካባቢ ያሉት ሱቆች ገና ስትገቡ የሚጠይቋችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ "ከለሩ?" ከለሩን ስትነግሩ ናሙናው ይወጣል።

"ጋሼ፣ ይሄ የጀርመን ነው።"

ካርቶኑን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። "እዚህ ላይ ቱርክ ይላል እኮ።"

"እሱ ካርቶኑ ነው፤ ቴክኖሎጂው የጀርመን ነው።"

የቱርክ መሆኑ ነውር የለበትም፤ ቱርኮች ላሚኔት መሥራት ያውቁበታል። የሻጩ ችግር አገሩ ላይ ሳይሆን ሚሊው ላይ ነው። "ይሄ 12 ሚሊ ነው፣ ዕድሜ ልክዎን ነው። ያኛው 8 ነው፤ እሱ እንኳ እንዲያው ለጊዜው..." ይልና አፉን ያጣምማል። ደንበኛም አፍ ሲጣመም አይቶ ወደ 12 ይሸሻል። እውነቱን ለመናገር ውፍረቱ ከስር ያለው ሰሌዳ ነው፤ መቆለፊያውን ያጠነክራል፣ ሲረገጥም ድምፁን ያደነዝዛል። ጫማና የወንበር እግር የሚፈትኑት ግን ከላይ ያለውን ስስ ንጣፍ ነው። የእሱ ጥንካሬ የሚለካው ኤሲ በሚባል ደረጃ ነው፤ ከ1 እስከ 6 ይሄዳል። ለመኖሪያ ቤት ኤሲ 3 በቂ ነው። ልጆች የሚሯሯጡበት፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ኤሲ 4 ቢሆንለት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለሱቅና ለቢሮ መተው ነው። ካርቶኑ ላይ ትንሽዬ የቤት ሥዕል ከ21 እስከ 23 ባለው ቁጥር፣ የሕንፃ ሥዕል ደግሞ ከ31 ጀምሮ ባለው ቁጥር ታጅቦ ይታያል። ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ 8 ሚሊ ሆኖ ኤሲ 4 የሆነው፣ 12 ሚሊ ሆኖ ደረጃው ካልተጻፈበት ይሻላል፤ የሚተርፈው ብርም የት እንደሚገባ ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

ሻጩን "ኤሲው ስንት ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ኤሲ እኛ ጋ የለም ጋሼ፤ ማዶ ኤሌክትሮኒክስ ቤቶቹ ጋ ይጠይቁ።"

ከለሩን በተመለከተ ባለቤቴ ጥቁር ቡናማውን ወዳው ነበር። ሱቅ ውስጥ በእርግጥ ያምራል። ግን ሱቅ ውስጥ በየሰዓቱ የሚወለውል ልጅ አለ። ጥር ላይ መስኮት ከፍታችሁ ውላችሁ ማታ ብትገቡ፣ ጥቁር ወለል ላይ የድመት ኮቴ ሳይቀር ይነበባል። ነጩም የራሱ ጣጣ አለው፤ የክረምት ጭቃ ይመሰክርበታል። ከብዙ ክርክር በኋላ የሰፈራችንን አቧራ የሚመስል ከለር መረጥን። ሻጩ "አመድማ ኦክ" ይለዋል። እኔ እንኳ የጀሞ አቧራ ብየው ነበር፤ ባለቤቴ ግን እንግዳ ፊት እንዳትለው አለችኝ።

ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ ታትሞ እስኪወጣ ይቀየራል። ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ "የዛሬ ዋጋ ነው፤ የነገን አላውቅም" የማይል ሻጭ የለም።

ሻጩ ስለ ከለር ይጠይቅ እንጂ ወለሉ ራሱ አፍ ቢኖረው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ እናንተ ቤት ውሃ እንዴት ነው? ለላሚኔት ገዳዩ ጫማ አይደለም፣ ውሃ ነው። ከላይ ሲፈስበት ቶሎ ከጠረጋችሁት ምንም አይሆንም። በመጋጠሚያው በኩል ወደ ሰሌዳው ሲገባ ግን ጭረቱ ጠጥቶ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። ሻጩ "ዋተር ፕሩፍ ነው" ብሎ ስለማለልኝ ቁራጭ ናሙና ለምኜ ወሰድኩና ማታ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልቼ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ሳየው ፎቶው እንደ ነበረ ነው፤ የኦክ ዛፉ ፈገግ እንዳለ አለ። ጠርዙ ግን ዳቦ ሆኗል። በጣቴ ስጫነው እየተፈረፈረ ወጣ።

እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው። በፈረቃ የሚኖር ሰው ቧንቧ ከፍቶ ይተዋል፤ ሲመጣ ድምፁን ሰምቶ በርሜል ሊሞላ። ውሃ ደግሞ ሰው ነቅቶ በሚጠብቀው ሰዓት አይመጣም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ከስሩ ያልታጠበ ሳህን የሳህን ማጠቢያውን ቀዳዳ ዘግቶታል። ሴራሚክ ያነጠፈ ሰው ይህን በመጥረጊያና በስድብ ይወጣዋል። ላሚኔት ያነጠፈ ሰው ግን ለቅሶ መቀመጥ ነው የሚቀረው። እርግጥ የተሻለ ጠርዝ ያላቸው፣ ውሃ ለ24 ሰዓት ይችላሉ የሚባሉ ላሚኔቶች አሉ፤ ለተደፋ ብርጭቆ ውሃ መልካም ናቸው፤ የሌሊቱን ጎርፍ ግን አልተማሩትም። ኤስፒሲ የሚባለው ከድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራው ወለል ውሃን በእርግጥ አይፈራም። ዋጋው ግን ወደ መሰላሉ ላይኛው እርከን ይወስዳችኋል፤ እኛ ደግሞ ርካሽ ልንገዛ ነው የወጣነው።

ስለዚህ ቤቱን ለሁለት ከፈልነው። ውሃ የሚነካው ሁሉ፣ ወጥ ቤት፣ ሻወርና በረንዳ፣ ለአጎቴ ተሰጠ፤ ሴራሚክ ሆነ። ሳሎንና መኝታ ቤቱ ላሚኔት። ወጥ ቤቱና ሳሎኑ የሚገናኙበት ደፍ ላይ ሴራሚኩ ትንሽ ከፍ እንዲል አደረግን፤ ውሃው መጀመሪያ እዚያ ይሰናከል። አጎቴም ሲመጡ ወጥ ቤቱን ብቻ አይተው አመስግነው ሄዱ።

ሌላው ውሃ በእጅ የሚመጣው ነው። ቤታችን የምትሠራው ልጅ ወለል በውሃ ካልታጠበ የጸዳ አይመስላትም። መወልወያውን ጥምዝዝ አድርገሽ ጨምቀሽ ብዬ ሳሳያት "ይሄማ ማባበስ ነው" አለችኝ፤ የሆነ ሕመም ያለበት ሰው ቤት የገባች ነው የመሰላት። ቡናውም አለ። እናቴ ያለ ቄጤማ የተፈላ ቡና ቡና አይደለም ባይ ናት፤ ቄጤማው ደግሞ ከነጤዛው ነው የሚጎዘጎዘው። ከዚያ ከሰሉ ሲራገብ አንዲት ፍም ዘላ ትወርዳለች፤ ላሚኔት ጭረትን ቢችልም ፍምን አይችልም፤ ጥቁር ጠባሳዋ ለሁልጊዜ ነው። ከወጥ ቤት የተረፉትን ሰፋፊ ሴራሚኮች ከምድጃው ስር አስቀመጥንና ቄጤማው በላስቲክ ምንጣፍ ላይ እንዲሆን ተስማማን። እናቴ ላስቲኩን ባየች ቁጥር ቡናው ጣዕሙ ቀንሷል ትላለች።

አሁን ወደ ተረፈው ብር ልመለስ፤ አልተረፈም። በካሬ ስንት ብላችሁ ያሰላችሁት የጣውላው ብቻ ነው። ስፖንጅ አለ፣ ዞኮሎ አለ፣ በር ስር የሚገባው ብረት አለ፣ ተቆርጦ ለሚባክነው ከአስር አንድ መጨመር አለ፤ 20 ካሬ ለሆነ ክፍል 22 ይገዛል። የእጅ ዋጋ አለ። ጫኝና አውራጅ ደግሞ ለብቻው ምዕራፍ ነው። 8 ሚሊ ላሚኔት በካሬ ወደ 7 ኪሎ ይመዝናል፤ 40 ካሬ ሲሆን ሦስት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጤፍ ቢሆን ዓመት ያበላናል። ልጆቹ ካርቶኑን አላዩትም፤ የጠየቁት "ስንተኛ ፎቅ ነው?" ብለው ብቻ ነው። አራተኛ ስላቸው ተያዩ። ያ መተያየት በገንዘብ ሲተመን የዞኮሎውን ዋጋ ያህል ሆነ።

ዋናው ወጪ ግን ማንም የማያሳየው ነው፤ ሲሚንቶው። ላሚኔት ከስሩ ያለውን አይሸፍንም፣ ያጋልጣል። ሁለት ሜትር ስታጃ ወለሉ ላይ ስታጋድሙ ከስሩ የሚታየው ክፍተት ከ3 ሚሊ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ጣውላው በተረገጠ ቁጥር ይረግባል፣ መቆለፊያው ይላላል፣ ቆይቶም ይሰበራል። የእኛ ሳሎን ላይ ስታጃው ስር እጄን ሳስገባ ጣቶቼ ተመችቷቸው ተቀመጡ። ያ ጉድጓድ መሞላት አለበት፤ ከተሞላም በኋላ እርጥበቱ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት፤ ከስር የሚመጣ እርጥበትም ያው ውሃ ነው። ከ12 ሚሊው ወርዳችሁ ያተረፋችሁትን ብር እዚህ ቅበሩት። እንግዳ አያየውም፤ ወለሉ ግን የሚቆየው በእሱ ነው።

የወለል ሠራተኛው ጎበዝ ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው። ችግሩ እሱ ነው። ካርቶኖቹ ክፍሉ ውስጥ 48 ሰዓት ይቆዩ፣ የቤቱን አየር ይላመዱ ስለው፣

"ይረፉ ነው የሚሉት? ጋሼ፣ የተሸከምናቸው እኮ እኛ ነን!"

ቀጥሎ ከግድግዳው ጋር ጥብቅ አድርጎ ሊገጥም ተነሳ። ከግድግዳው 1 ሳንቲም ገደማ ራቅ በል፣ ክረምት ሲገባ ይለጠጣል፣ ቦታ ካጣ መሐሉ ላይ ጀርባውን ቀና ያደርጋል አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። "ክፍተት ትቶ ሄደ ይሉኛል፤ ስሜ ይጠፋል።" ክፍተቱን ዞኮሎ እንደሚሸፍነው ራሱ አሳምሮ ያውቃል፤ ቢሆንም ባለሙያ ነውና ህሊናው ክፍተት አልተቀበለም። በመጨረሻ በግድግዳውና በዳር ባለው ጣውላ ሁሉ መሐል ቁራጭ እየሸጎጥን ልንገጥም ተስማማን፤ ሲያልቅ ቁራጮቹን ራሱ አወጣቸው፤ ሲያወጣቸው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ላይ ግን ባለቤቴ ሁላችንንም በለጠችን። ሥራው ግማሽ ሲደርስ ሻይ ይዛ ገባችና ቆማ ቀረች። "ይቺ ጉጥ እዚያም አለች።" ሠራተኛው ቀና አለ። "የትኛዋ?" ጎንበስ ብላ በጣቷ አሳየችው፤ የዓይን ቅርጽ ያላት፣ ቅንድቧ ወደ ግራ የተሰነጠቀ ጉጥ። ሦስት ጣውላ ወዲያ ያቺው ዓይን፣ ያው ቅንድብ፣ ያው ስንጥቅ። ፎቶ ነዋ! ፋብሪካው የሚያትመው ጥቂት የተለያዩ ገጾችን ነው፤ እነሱኑ እየደጋገመ ይቆርጣል። ሠራተኛው ከአንድ ካርቶን እያከታተለ ስላነጠፈ እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ገጠሙ። ከዚያ በኋላ ከየካርቶኑ አንድ አንድ እያወጣን፣ ባለቤቴ ሻይዋን ይዛ ቆማ "ይቺ ትሂድ፣ ያቺ ትምጣ" እያለች፣ ጉጦቹ እንዳይተያዩ አድርገን ጨረስን። ያቺ የመጀመሪያዋ ግን ሶፋው ስር ናት፤ ከእህቷ ጋር።

ሲያልቅ ያምራል፤ መካድ አይቻልም። እግር ይሞቃል፣ ቤቱም ሰፋ ያለ ይመስላል። በማግስቱ አማቴ ስጦታ ይዘው መጡ፤ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ምንጣፍ። "እንዲህ ያማረ ወለልማ እንዳይበላሽ" አሉ። ሶፋው ዳንቴል አለው፣ ሪሞቱ ላስቲክ አለው፤ ወለሉ ምን በወጣው ዕራቁቱን ይቀመጣል? አሁን ላሚኔታችን የሚታየው በዞኮሎው ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው። የተረፈውን አንድ ካርቶን አልጋ ስር ደብቄዋለሁ፤ ያው ከለር በሚቀጥለው ዓመት ገበያ ላይ አይገኝም፣ ቢገኝም ከሌላ ዙር ታትሞ ትንሽ ይለያል።

ከእኛ በላይ፣ አምስተኛ ፎቅ የሚኖረው ወጣት ባለትዳር ሰሞኑን ወርዶ አየው። ምንጣፉን በጫማው ጫፍ ገለጥ አድርጎ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ እኛም ልናነጥፍ ነው። ከለር ይምከሩኝ።"

"ከለሩ ይቆይ። ለመሆኑ እናንተ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ትዘጋላችሁ?"

"ውሃ ከሌለ ምን ይዘጋል ጋሼ?"

ሴራሚክ መከርኩት። ቤቱን በሙሉ፣ መኝታ ቤቱን ሳይቀር። ከሴራሚኩ በፊትም ውሃ መከላከያ በሁለት እጅ እንዲያስቀባ፣ ብር ካነሰውም እኔ እንደማዋጣለት ነገርኩት።